መጀመሪያ ኔጋቲቭ 150

ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የአገሩ ሰው ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። 10,000 ቮልት በሆዱ የተሸከመ መሣሪያ ግን ያስተውለዋል። የሳሳ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅን የማገድ አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ በባሕር ጠረፍ ለዓመታት ጸጥ ብሎ የኖረ ክፍተት እዚህ ብልጭታ ሊያሳልፍ ይችላል። ማራገቢያውም በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር፣ የሚገፋው አየር ቀላል በመሆኑ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። እንግዲህ በቫልቭ (አየሩ በወጣለት የመስታወት ቲዩብ) የሚሠራ የድሮ ኦሲሎስኮፕ ጭሮ ላይ ለመጠገን የሚነሳ ሰው፣ በውጭ አገር የተጻፈው የጥገና መመሪያ የማያነሳለትን ሁለት ነገር ከወዲሁ ይዞ መነሳት አለበት፤ የፋብሪካውን ክፍተትና ሽፋን አለመቀነስ፣ የአየር ማጣሪያውን ደግሞ ከሌላው አገር ቶሎ ቶሎ ማጽዳት።

ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን መውጣትና መውረድ በጊዜ ውስጥ በመስመር እየሳለ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ቴስተር አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ኦሲሎስኮፕ የቁጥሩን ታሪክ ያሳያል። መሠረቱን የጣለው ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 እ.ኤ.አ. የሠራው የካቶድ ጨረር ቲዩብ ነው። ብራውን በ1909 እ.ኤ.አ. ከማርኮኒ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው በሬዲዮ ሥራው ቢሆንም፣ በዓለም ቤት ሁሉ የገባው የእጁ ሥራ ግን ይኸው ቲዩብ ነው፤ ቴሌቪዥን ሆኖ።

በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ጠፍጣፋው ስክሪን እስኪመጣ ድረስ ባለ ፒክቸር ቲዩብ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ባለሙያዎች የዚህን መሣሪያ ግማሽ ያውቁታል። ካቶዱ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይስበዋል፤ ጨረሩ ስክሪኑን ሲመታ ፎስፈሩ ያበራል። ልዩነቱ ጨረሩ በሚታጠፍበት መንገድ ላይ ነው። ቴሌቪዥን ጨረሩን አንገቱ ላይ በተጠመጠመ ኮይል፣ በማግኔት ኃይል ያጥፈዋል። ኦሲሎስኮፕ ግን በቲዩቡ ውስጥ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ጥንድ ሳህኖች መካከል ያሳልፈውና በኤሌክትሪክ መስክ ይስበዋል። ኮይል ሰነፍ ነው፤ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ከሚለዋወጥ ምልክት ጋር መሮጥ አይችልም። ሳህን ይችላል።

የቴሌቪዥን ልምድ ግን አንድ አደገኛ ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ሰው የሚገድል ነገር ስለሆነም እዚሁ ላይ መነገር አለበት። ቴሌቪዥን ላይ የሚፈራው ከፍላይባኩ ወጥቶ የቲዩቡ ጎን ላይ የሚሰካው ወፍራም ገመድ ነው። አንገቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቦርድ ጠጋኙ ያን ያህል አይፈራትም። በቫልቭ ኦሲሎስኮፕ ላይ ግን አንገቱም ገዳይ ነው። የጨረሩን መንገድ ወደ ሳህኖቹ ቮልቴጅ ለማስጠጋት ሲባል ካቶዱ በቮልቴጅ ከቻሲው (ከመሣሪያው የብረት አካል) በታች ወርዶ ይቀመጣል። በዚህ ምዕራፍ በምንከተለው ቴክትሮኒክስ 545 ላይ የካቶዱ ቮልቴጅ ኔጋቲቭ 1,350 ነው፤ ከፊት ያለው አኖድ ደግሞ ፖዚቲቭ 8,650። ድምሩ ነው 10,000 የሚሆነው። ካቶዱን የሚያግለው 6.3 ቮልት ሽቦ እንኳ ከቻሲው ሲለካ በዚያው ኔጋቲቭ 1,350 ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ቲዩቡ አንገት ላይ ያለውን ሶኬት መሣሪያው በርቶ ሳለ አይንኩ። ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ እስኪወርዱ ይጠብቁ፤ በሬዚስተር በኩል ከቻሲው ጋር አገናኝተው ያውርዷቸው፤ በቴስተር ያረጋግጡ። ሲለኩ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ተራ ቴስተር ከ1,000 ቮልት በላይ ስለማይችል ካቶዱንም ሆነ አኖዱን ለመለካት ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ ፕሮብ ግድ ነው።

545ን የመረጥኩበት ምክንያት አለ። ሃዋርድ ቮለምና ጃክ ሙርዶክ በ1946 እ.ኤ.አ. ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ያቋቋሙት ቴክትሮኒክስ በ1947 እ.ኤ.አ. 511ን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ 545ን ለገበያ አቀረበ። ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲበራ 500 ዋት ገደማ ይበላል፤ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያያል። ከሁሉ በላይ ግን ለጠጋኝ ታስቦ የተሠራ ነው። የጎን ክዳኖቹ ሲወልቁ ሬዚስተሩ ሁሉ በነጭ ሴራሚክ ዘንጎች ላይ እንደ ተሰለፈ ይታያል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለቴስተር ጫፍ ክፍት ነው። መመሪያው በየነጥቡ ስንት ቮልት እንደሚጠበቅ ይናገራል። ዛሬ በትንሽ ዋጋ የሚገዛው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባው ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ለዕለት ሥራ ይበልጠዋል፤ ይህን አልከራከርም። ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ከመጣል ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሲሠራም ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ለተማሪ አያሳይም። ዛሬ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ባለባት ከተማ ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ወጣት አንድ 545 በገዛ እጁ ቢያስነሳ፣ ከብዙ ገጽ ቀመር የማይገኝ እውቀት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ አንድ የማይሠራ 545 ጭሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ እንበል። ከአዲስ አበባም ይምጣ ከድሬዳዋ፣ በመኪና ተንጧል። በአዋሽ በኩል የመጣ ከሆነ ሚኤሶን አልፎ ከቆላው ዳገቱን ወጥቷል። የጉዞ መናወጥ ቫልቮችን ከሶኬታቸው ያላላል፤ የቆላ አቧራ ላይ የደጋ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያሾልክ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ሳይሰካ ነው። አቧራው በለስላሳ ብሩሽና በአየር ይወጣል። የማራገቢያው ዘንግ ጠብታ ዘይት ያገኛል። ቫልቮቹ ግን በጅምላ አይነቀሉም፤ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ እግራቸው ይጸዳል፣ ወደ ነበሩበት ቦታ ይመለሳሉ። በዚያው የእያንዳንዱን አናት ማየት ነው። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው የብር መልክ ያለው ልባስ የገባውን ትራፊ አየር የሚውጥ ነው። ነጭ ሆኖ ከተገኘ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ያ ቫልቭ ሞቷል።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው መብራቱ ነው። 545 የፋብሪካ ዋስትናው ከ105 እስከ 125 ቮልት፣ ወይም ትራንስፎርመሩ ለእኛ አገር ሲቀየር ከ210 እስከ 250 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የትራንስፎርመሩ መግቢያ ሁለቱ ጥቅሎች ጎን ለጎን ታስረው ለ117 ተዘጋጅተው ይሆናል፤ በ220 ላይ ከመሰካቱ በፊት በተርታ መታሰር አለባቸው። ያ ከተስተካከለ በኋላም ምሽት ላይ መብራቱ ደክሞ ከ210 በታች ሲወርድ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያሉት ቮልቴጅ ተቆጣጣሪዎች ይረታሉ፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ጠጋኙም ሌሊቱን ሙሉ የሌለ ብልሽት ይፈልጋል። በሥራው መጀመሪያ ላይ፣ ከዚያም ብልሽቱ መልኩን በቀየረ ቁጥር የግድግዳውን ሶኬት መለካት ልማድ ይሁን። 1,000 ቮልት አምፒር የሚችል ስታቢላይዘር ካለ ይበቃል።

ለረጅም ዓመታት ያልበራ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሙሉ መብራት አይሰጠውም። በመሐል ኃይሉ ከመሣሪያው ጋር የሚቀራረብ ባለ ሽቦ አምፖል በተርታ ይታሰራል፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ መሣሪያውም ይተርፋል። ደህና ከሆነ መጀመሪያ ቦግ ይልና እየደበዘዘ ይሄዳል፤ 545 ብዙ ስለሚበላ ግን ፈጽሞ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ነው በቀጥታ የሚሰካው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከውስጥ ቀጭ የሚል የሪሌ ድምፅ ይሰማል፤ ቫልቮቹ ሳይግሉ ከፍተኛው ቮልቴጅ እንዳይደርስባቸው የሚያቆየው ሪሌ ነው። ድምፁ ካልተሰማ ወደ ስክሪኑ መመልከት ትርፍ የለውም።

አሁን የምዕራፉ ዋና ጉዳይ ላይ ደረስን። ስክሪኑ ጨለማ ነው እንበል። አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያደርገው ቫልቭ መቀየር ነው። ቫልቭ በእጅ ይነቀላል፣ ሶልደር አይፈልግም፣ ስለዚህ የብልሽት ሁሉ ተከሳሽ ይሆናል። በዚህ መንገድ ደህናው ቫልቭ ወጥቶ ያረጀው ይገባል፤ ቦታው ይቀያየራል፤ በፋብሪካው ልክ ተስተካክሎ የነበረው ሚዛን ይጠፋል፤ በመጨረሻም አንድ ብልሽት የነበረው መሣሪያ ሦስት ይዞ ይቀራል። የሚለካ ነገር እያለ ክፍል መቀየር ጥገና አይደለም።

545 ውስጥ አምስት የተቆጣጠሩ ቮልቴጆች አሉ፤ ኔጋቲቭ 150፣ ከዚያም ፖዚቲቭ 100፣ 225፣ 350 እና 500። አራቱ ፖዚቲቮች የራሳቸው መለኪያ የላቸውም፤ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የሚያስተካክሉት ከኔጋቲቭ 150 ጋር እየተነጻጸሩ ነው። ኔጋቲቭ 150 ራሱ ደግሞ 5651 ከምትባል ትንሽ ባለ ጋዝ ቫልቭ ጋር ይነጻጸራል፤ በእሷ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ 85 አካባቢ ሆኖ ዘወትር አይለወጥም። የግንበኛ ቱንቢ ከተንጋደደ በእሱ የተለካው ግድግዳ ሁሉ እንደሚንጋደድ፣ ኔጋቲቭ 150 ከተዛባ አራቱም ይዛባሉ። ስለዚህ ፖዚቲቭ 350 ላይ ጉድለት ያገኘ ጠጋኝ ወደ 350ው ሰርኪዩት አይሮጥም። መጀመሪያ ኔጋቲቭ 150ን ይለካል። እሱ ልክ ከሆነ 100ን፣ ቀጥሎ 225ን እያለ በተራ ይወጣል። ተራው ያለ ምክንያት አልተበጀም፤ አንዱ የሌላው መቆሚያ ስለሆነ ነው።

ኔጋቲቭ 150 ከወረደ ምክንያቱ ከሦስት አያልፍም ማለት ይቻላል። ወይ ከኋላ ያለው ጥሬ ቮልቴጅ ራሱ ደክሟል፤ ወይ ተቆጣጣሪው ታሟል፤ ወይ ደግሞ ከፊት ያለ አንድ ነገር ከልክ በላይ እየጎተተው ነው። የመጨረሻውን ለመለየት መሣሪያውን ነቅሎ፣ ካፓሲተሮቹን አውርዶ፣ ከኔጋቲቭ 150 መስመር ወደ ቻሲው ያለውን ኦም መለካትና መመሪያው ከሰጠው ጋር ማስተያየት ነው። ጥሬው ቮልቴጅ የደከመ ከሆነ ጥፋቱ የሬክቲፋየሩ ወይም የትልልቆቹ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ነው። በቀደሙት 545ዎች ላይ ሬክቲፋየሩ ሴሌኒየም ነው፤ የብረት ሳህኖች የተደራረቡበት። ሴሌኒየም ሲያረጅ ቮልቴጅ ይበላል፣ ሲቃጠል ደግሞ ጭሱ መርዝ ነው። 1ኤን5408 የተባለው ባለ 3 አምፒር ዳዮድ ይተካዋል፤ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚይዘው ነው። ሲሊኮን የሚበላው ቮልቴጅ ከሴሌኒየም ያነሰ ስለሆነ ግን ትርፉን የሚያቃጥል ሬዚስተር በተርታ ካልገባ ቮልቴጁ ከታሰበው በላይ ይወጣል። ለካፓሲተሩ ደግሞ በቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የሚገባው ባለ 400 ወይም 450 ቮልት ዓይነት ለብዙዎቹ ቦታዎች ይበቃል፤ አዲስ ይሁን እንጂ ከተጣለ ቴሌቪዥን የተፈታ አይሁን።

መሣሪያው ስለራሱ እንዲመሰክር የሚደረግበት አንድ ውብ ዘዴ አለ። መስመሩ ይታያል፣ ግን ይሞገዳል እንበል። መግቢያውን ከቻሲው ጋር አገናኝቶ፣ መነሻ ምልክቱን ከመብራቱ እንዲወስድ አድርጎ፣ ፍጥነቱን በሴንቲሜትር 5 ሚሊሰከንድ ላይ ማቆም ነው። ስክሪኑ 10 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር 50 ሚሊሰከንድ ይታያል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሁለት ተኩል ጉብታ ከታየ ሞገዱ 50 ኸርዝ ነው፤ ይህም ማለት ከቫልቭ ማጋያ ሽቦ ወደ ካቶድ የሚሾልክ ነገር አለ። አምስት ጉብታ ከታየ 100 ኸርዝ ነው፤ ሬክቲፋየሩ ሁለቱንም የመብራቱን ግማሽ ስለሚያነሳ እጥፍ ይሆናል፤ የሚታየውም የማጣሪያ ካፓሲተር ሲደርቅ ነው። በመጀመሪያው ቫልቭ ይፈለጋል፣ በሁለተኛው ካፓሲተር። ጉብታ በመቁጠር ብቻ ግማሹ መሣሪያ ከጥርጣሬ ይወጣል።

አምስቱም ቮልቴጅ ልክ ሆኖ ስክሪኑ አሁንም ጨለማ ቢሆንስ? ጨረሩ የለም ወይስ ከስክሪኑ ውጭ ወጥቷል? 545 ለዚህ ትንንሽ የኒዮን መብራቶች አሉት፤ ጨረሩ በየት በኩል እንደሸሸ ይጠቁማሉ። የላዩ ኒዮን በርቶ ከቀረ ጨረሩ ወደ ላይ ተስቦ ወጥቷል፤ የቋሚው ማጉያ ሚዛኑን ስቷል ማለት ነው። ይህ ማጉያ ከመግቢያው እስከ ሳህኖቹ ድረስ ሁለት ጎን ሆኖ ይሄዳል፤ አንዱ ጎን ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱን ጎኖች በአንድ ነጥብ ላይ ቢያገናኟቸው ልዩነታቸው ይጠፋል፤ ከዚያ ነጥብ በኋላ ያለው ሁሉ ጤነኛ ከሆነ ጨረሩ ወደ መሐል ይመለሳል። መጀመሪያ ሳህኖቹን በደንብ በተሸፈነ ገመድ ማገናኘት ነው፤ እዚያ መቶዎች ቮልት ስላሉ ገመዱ የሚታሰረው መሣሪያው ተነቅሎ ነው። ጨረሩ መሐል ከመጣ ቲዩቡ ደህና ነው። ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ መግቢያው እየተጠጉ ያንኑ መድገም። ጨረሩ ወደ መሐል መመለስ ያቃተው ነጥብ ላይ ሲደረስ፣ ጥፋተኛው በዚያ ነጥብና ቀድሞ በተሞከረው መካከል ተዘግቷል። እዚያ ውስጥ የሚቀሩት ሁለት ቫልቮችና ጥቂት ሬዚስተሮች ናቸው። ቫልቭ የሚቀየርበት ሰዓት አሁን መጣ፤ በቂ ምክንያት ስላለ።

ሬዚስተሮቹንም አለመርሳት ነው። የዚያ ዘመን የካርቦን ሬዚስተር ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፤ መልኩ ሳይለወጥ 100 ኪሎኦም የነበረው 140 ሊሆን ይችላል። ባለ ወረቀት ካፓሲተሮቹ ደግሞ በተቃራኒው ማገድ ያቆማሉ። አንዱን ለመፈተን ወደ ቀጣዩ ቫልቭ የሚሄደውን እግሩን ነቅሎ፣ በተነቀለው ጫፍና በቻሲው መካከል ዲሲ ቮልት መለካት ነው። ጤነኛ ከሆነ ቴስተሩ ብልጭ ብሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ቮልት እያሳየ ከቆመ ያ ካፓሲተር ያሾልካል።

ከሁሉ የሚያታልለው ብልሽት ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመጣው ነው። መሣሪያው ሲበራ ሁሉ ልክ ነው፤ ሲግል ሥዕሉ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይደበዝዛል፣ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይመለሳል። ይህ የከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ ምልክት ነው። 60 ኪሎኸርዝ ገደማ የሚሠራ ትንሽ ትራንስፎርመር ነው፤ በኋለኞቹ የ500 ተከታታይ ሞዴሎች ላይ የታሸገበት ሙጫ እርጥበት እየሳበ ኃይል መብላት ይጀምራል። ሲበላ ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይበላል። የደጋ እርጥበት በዚህ ላይ ይከፋል። በለዘብተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ማድረቅ ለጊዜው ያስታግሳል፤ እውነተኛው መፍትሔ ግን እንደገና መጠምጠም ነው። ሞተርና ስታቢላይዘር የሚጠመጥም ሰው ባለበት ከተማ ይህ የማይቻል ሥራ አይደለም። የድሮውን ጥቅል ሲፈታ ዙሩን መቁጠር፣ አቅጣጫውን መጻፍ፣ የሽፋኑን ውፍረትም ለ1,800 ሜትር ከፍታ ከፋብሪካው አንድ ንጣፍ ማብዛት። ፌራይቱ እንዳይሰበር መጠንቀቅ ይገባል፤ ምትኩ ጭሮ ቀርቶ አዲስ አበባም ቶሎ አይገኝም።

ሶልደሩን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ነጮቹ የሴራሚክ ዘንጎች ላይ ያሉት ቦታዎች በብር ልባስ የተያያዙ ናቸው። ተራ ሶልደር በተደጋጋሚ ሲቀልጥባቸው ብሩን ይበላውና ማያያዣው ከሴራሚኩ ይለቃል። ቴክትሮኒክስ ይህን ስላወቀ 3 በመቶ ብር ያለበት ሶልደር ተጠቅልሎ በመሣሪያው ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጓል። ያቺ ትንሽ ጥቅል ከተገኘች ለሌላ ሥራ አትውጣ። ከሌለች ደግሞ ክፍሎቹን ከሴራሚኩ ላይ ባለመንቀል፣ እግራቸውን በአጭሩ ቆርጦ በቀረው ጫፍ ላይ መበየድ ይሻላል።

መስመሩ ተመልሶ ቀጥ ካለ በኋላ የሚቀረው እውነት መናገሩን ማረጋገጥ ነው። በፊቱ ላይ ካለው ካሊብሬተር የሚወጣው ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ወደ መግቢያው ሲሰጥ ቁመቱ ልክ መሆኑ፣ ማዕዘኑም ክብ አለመሆኑ ይታያል። ጊዜውን ግን በራሱ ሰዓት መመዘን አይበቃም። ለዚህ ገበያ ላይ የሚሸጥ ባለ ኳርትዝ የግድግዳ ሰዓት ይበቃል። በውስጡ ያለችው ትንሽ ኮይል በየሰከንዱ አንድ ምት ታገኛለች፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች። የኦሲሎስኮፑን ፍጥነት በሴንቲሜትር 1 ሰከንድ ላይ አቁሞ ፕሮቡን ኮይሏ ላይ ሲያገናኙ በየሴንቲሜትሩ አንድ ምት መውደቅ አለበት። በአሥሩ ሴንቲሜትር መጨረሻ ላይ ያለው ምት ከመስመሩ ሩብ ሴንቲሜትር የቀደመ ወይም የዘገየ ከሆነ ስሕተቱ 2.5 በመቶ ገደማ ነው። ማስተካከያውን በካቻቢቴ ከመንካት በፊት ግን ኔጋቲቭ 150 አንድ ጊዜ እንደገና ይለካ፤ ክዳኑ ተገጥሞ መሣሪያው ግማሽ ሰዓት በርቶ ከጋለ በኋላ።